የዶሮ ማነቂያዋ ምራት

በለጠች ነጋሽ ለወይዘሮ ትብለጽ ምራት ስትሆን ሁለቱም አልተደሰቱም ነበር። ወይዘሮ ትብለጽ ልጃቸው ጸጋይ የአገራቸውን የሽሬን ሰው፣ ያም ባይሆን የሚጾም ሰው ልጅ ያመጣልኛል ብለው ሲጠብቁ፣ እሱ ከነቀምት የመጣች የመካነ ኢየሱስ ወንጌላዊ ልጅ ይዞ ደረጃውን ወጣ። በለጠችም ብትሆን ከአማቷ ጋር የመኖር ሐሳብ አልነበራትም። ግን አንዲት አዲስ አስተማሪና አንድ የመንገድ ሥራ መካኒክ በዚያን ጊዜ ፒያሳ አካባቢ የራሳቸውን ቤት ከየት ያመጣሉ? ሦስቱ ዶሮ ማነቂያ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ሰገነቱ ወደ መንገዱ ዘመም ባለ አሮጌ የእንጨት ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ተካፍለው መኖር ጀመሩ። በዓመቱ አብዮቱ መጣ፤ ቤቱ ተወርሶ የቀበሌ ሆነ። እነሱ ግን እዚያው ቆዩ።

አማትና ምራት አልተጣሉም። ለመጣላትም መቀራረብ ያስፈልጋል፤ እነሱ ያ አልነበራቸውም። የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ይመስል ጠዋት እንዴት አደሩ፣ ማታ ደህና እደሩ ይባባላሉ። በጾም ቀን የወይዘሮ ትብለጽ ድስት ለብቻው፣ የበለጠች ድስት ለብቻው ይጣዳል። ጸጋይ መሃል ላይ ተቀምጦ ከሁለቱም ይበላል፤ የአንዷን ወጥ ለሌላዋ እያማ ሁለቱንም ያስቃል። ቤቱን ቤት ያደረገው እሱ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ጸጋይ አባይ በረሃ ውስጥ የሚሠራበት መኪና ተገልብጦ ሞተ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሰው ሁሉ በለጠች ወደ ወገኖቿ ትሄዳለች ብሎ ጠበቀ። ልጅ አልወለዱም፤ የሚያስራት ነገር የለም። ወንድሟ በፍቃዱ ከሚኖርበት ከአፍንጮ በር ታክሲ ይዞ መጣ። ወይዘሮ ትብለጽ በሩ ላይ ቆመው፣ «ሂጂ ልጄ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አሏት። አላለቀሱም፤ ቆዪ ብለውም አልለመኗትም። በለጠች ሻንጣዋን ይዛ ወረደችና ታክሲው ውስጥ ገባች። ሹፌሩ መኪናውን ሲያዞር ቀና ብላ ብታይ፣ አሮጊቷ የውሃ ባልዲ በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ያርፋሉ፤ ደግሞ አንድ ይወጣሉ።

«ትንሽ ልቆይ» አለችው ወንድሟን።

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም። እስከ ክረምቱ።»

ክረምቱ አለፈ፤ ሌላ ክረምትም ተተካ። 

ወይዘሮ ትብለጽ ሞትንና እርጅናን የሚፈሩ ሴት አልነበሩም። ባላቸው ከሞተ በኋላ ፒያሳ በአንድ ጣሊያን ልብስ ሰፊ ቤት የኮት አዝራር ቤት እየሰፉ ሁለት ልጅ ያሳደጉ ናቸው። አንድ እሁድ ከጊዮርጊስ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ፎቅ አልወጡም፤ ምድር ቤቱን የያዙትን የልብስ ሰፊውን የጋሼ ዘበነን በር አንኳኩ። በለጠችንም ከላይ ጠሩ።

«ሁለታችሁም ስሙኝ» አሉ፤ ትግርኛ በሚሸት ጥርት ያለ አማርኛቸው። «እኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ይህ ደረጃ ከአሥር ዓመት በፊት እንዲህ ቀጥ ያለ አልነበረም። አንድ ቀን እግሬ ይከዳኛል። ያን ጊዜ ልጄ ዓለምጸሃይ አስመራ ልውሰድሽ ትላለች። አልሄድም። የጊዮርጊስ ደወል እዚህ ነው፣ ዕድሬ እዚህ ነው። አንተ ላጤ ነህ ዘበነ፤ እግር አለህ። እኔ ወደዚህ እወርዳለሁ፣ አንተ ወደ ላይ ትወጣለህ።»

ጋሼ ዘበነ አራዳ ናቸው፤ መርፌ በከንፈራቸው እንደያዙ የሚቀልዱ ሰው። «እማማ፣ እርስዎ እኮ እኔን ቀብረው ነው የሚያረጁት» አሉ። «ለማንኛውም የዛ ሰው ይበለን።»

ወይዘሮ ትብለጽ ነገሩ እንዳለቀ ቆጥረው ደረጃውን ወጡ።

በ1973 መስከረም አንድ ጠዋት፣ በለጠች ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ ስትል፣ ወይዘሮ ትብለጽን አልጋቸው ሥር ወድቀው አገኘቻቸው። ሆስፒታል ሳምንታት ቆዩ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አፋቸውም ተጣመመ። አንደበታቸው ቀስ በቀስ ሲመለስ ግን የወጣው ሁሉ ትግርኛ ነበር። አዲስ አበባ ከገቡ ጀምሮ ሲገበያዩበትና ሲከራከሩበት የኖሩት አማርኛ ጠፋ። ሐኪሙ በለጠችን ወደ ጎን ወስዶ፣ «አንዳንድ ጊዜ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ይጠፋና የልጅነቱ ይቀራል። ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል» አላት።

አራት ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው ፎቅ አወጧቸው።

በለጠች ትግርኛ አታውቅም። ጸጋይ ያስተማራት ሰላምታና ሁለት ሦስት የፍቅር ቃል ብቻ ነበር። አሁን እሷ ጋቢ ስታለብስ አሮጊቷ ይጮሃሉ፤ ውሃ ስታቀርብ ፊታቸውን ያዞራሉ። እጃቸው እየጠቆመ፣ አፋቸው እየተናገረ፣ ምንም አይገባትም። አንድ ነገር ብቻ የገባት መሰላት። ከሰዓት በኋላ በሩን እያዩ «ጸጋይ ኣበይ ኣሎ» ይላሉ፤ ምላሳቸው ስለከበደ ቃሉ ይንዛዛል። በለጠች «ጸጋይ አባይ አለ» ሲሉ ሰማች። ልጃቸው አባይ ላይ መቅረቱን እያስታወሱ እያለቀሱ ነው ብላ አሰበች። «አዎ እማማ፣ አባይ ነው» ትልና ሰገነቱ ላይ ወጥታ ዓይኗን ትጠርጋለች። የሚገርመው፣ አሮጊቷ ይህን ሲሰሙ ዝም ይላሉ፤ ይረጋጋሉም።

መፍትሔው የመጣው ከመሠረተ ትምህርት ክፍል ነው። በለጠች እንደ ማንኛውም አስተማሪ በቀበሌው አዳራሽ ፊደል ታስቆጥር ነበር። ከተማሪዎቿ አንዷ እትዬ ነሲባ ናቸው፤ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ፣ ኤርትራ ውስጥ አዲ ቀይሕ ተወልደው ያደጉ፣ ትግርኛ ተናጋሪ የጀበርቲ ሴት። ካልመጣሽ ስምሽ ለቀበሌ ይተላለፋል ስለተባሉ የመጡ ናቸው፤ ፊደሉ ግን አልገባ ብሏቸው ተቸግረዋል። በለጠች አንድ ቀን አስቀርታ፣ «እትዬ ነሲባ፣ እኔ ለብቻዎ ቤቴ ላስተምርዎት፤ እርስዎ ደግሞ ትግርኛ ያስተምሩኝ» አለቻቸው።

«ለማን ልትናገሪው ነው?» አሉ እትዬ ነሲባ በጥርጣሬ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ትግርኛ ያስጠረጥር ስለነበር፣ ጊዜው ሰው ለሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ በቀላሉ የሚመልስበት አልነበረም።

«ለአማቴ።»

እትዬ ነሲባ በማግስቱ መጡ። ወይዘሮ ትብለጽን በቋንቋቸው ሰላም ሲሏቸው፣ አሮጊቷ በደህናው እጃቸው የእትዬ ነሲባን ክንድ ይዘው ለረጅም ጊዜ አወሩ። እትዬ ነሲባ እያዳመጡ አንድ በአንድ ተረጎሙ። ጋቢው ይኮሰኩሳቸዋል፤ ሲያዞሯቸው ትከሻቸውን እንጂ ክንዳቸውን አይያዙ፤ አጥሚቱ ስኳር በዝቶበታል። በመጨረሻም ወደ በሩ እያዩ ያቺን የተለመደች ቃል ተናገሩ።

«ልጄ የት ነው ያለው እያሉ ነው» አሉ እትዬ ነሲባ።

በለጠች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ኣበይ» ማለት የት ማለት ነው። አሮጊቷ ሲያለቅሱ አልነበረም፤ ሲጠይቁ ነበር። መሞቱን ረስተውታል። እሷም ሳታውቀው በየቀኑ፣ ልጅዎ አባይ ሥራ ላይ ነው እያለች መልስ ስትሰጣቸው ከርማለች።

«ምን ልበላቸው?» አሉ እትዬ ነሲባ።

በለጠች ያደገችው እውነት ተናገሪ፣ ውሸት ኃጢአት ነው በሚባልበት ቤት ነው። ግን፣ «አባይ ነው ይበሏቸው» አለች።

ከዚያ ወዲህ ነገር ትንሽ ቀለለ። ዳይሬክተሩን ለምና የጠዋቱን ፈረቃ ያዘች። እሷ እስክትመለስ እትዬ ነሲባ ከአሮጊቷ ጋር ይቀመጣሉ፤ ከሰዓት ወደ ገበያቸው ይወርዳሉ። «ጸሚኡኒ» ጠማኝ ማለት እንደሆነ፣ «ቆሪሩኒ» በረደኝ ማለት እንደሆነ ለመደች። ጠዋት «ከመይ ሓዲርክን» ስትላቸው አነጋገሯ ያስቃቸው ነበር። አናጺ ጋ ሄዳ መቀመጫው የተበሳ ወንበር አሠራች፤ ሥሩ ፖፖ ይቀመጥበታል። እሁድ እሁድ ከጸሎት ቤቷ ስትመለስ ጊዮርጊስ ጎራ ብላ ጸበል ትቀዳላቸዋለች። አንዲት የጸሎት ጓደኛዋ ይህን አይታ፣ «በለጠች፣ አንቺ የጸበል ጠርሙስ ተሸካሚ ሆንሽ?» ብላ ነበር። «የጠጣሁት እኔ አይደለሁም» አለቻትና መንገዷን ቀጠለች።

ፎቁ ግን ፎቅ ነው። ወይዘሮ ትብለጽ ከተኙበት የሚያዩት ጣሪያውን ብቻ ነበር። የዕድር ሴቶች መጀመሪያ ተሰልፈው መጡ፤ ኋላ ጉልበት ያላቸው ብቻ፤ ከዚያ ማንም። ጀርባቸው ላይ ቁስል ወጣ። ምግብ እንቢ ማለት ጀመሩ። በለጠች ጋሼ ዘበነ ጋ ወርዳ የዚያን እሁድ ነገር አነሳች።

ጋሼ ዘበነ መቀሳቸውን አስቀመጡ። «በለጡ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ሱሪውን ታቅፎ መሰላል አይወጣልኝም። ከዚህ በር ከተነሳሁ እንጀራዬ ተነሳ።»

«እማማ እኮ ነግረውዎት ነበር። እርስዎም እሺ ብለው ነበር።»

«እሺ አላልኩም። የዛ ሰው ይበለን ነው ያልኩት።»

ልትቀየማቸው ፈለገች፤ ግን እውነታቸውን ነው። ወደ ላይ ወጣች። ያን ቀን አሮጊቷ አጥሚቱን ሲተፉባት ጎድጓዳ ሳህኑን መሬት ላይ ወርውራ ጮኸችባቸው፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በምታውቀው ሁሉ። ከዚያ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። እጇ አጥሚት አጥሚት ይሸታል።

ዓለምጸሃይ ከአስመራ በአውሮፕላን የመጣችው በ1974 ሰኔ ነው። የጸጋይ ታናሽ ናት፤ ባሏ ባንክ ቤት ይሠራል። በለጠች በእንግድነት ቀበሌ አስመዘገበቻትና ወደ ቤት አስገባቻት። ዓለምጸሃይ እናቷን ገልብጣ ጀርባቸውን አየች፤ ጣሪያውን አየች፤ ደረጃውን አየች።

«በለጠች፣ አንቺ ያደረግሽውን እኔ ልጇ አላደረግኩም» አለች። «ግን እናቴን እዚህ ተዘግታ ጥያት አልሄድም። አስመራ ምድር ቤት አለኝ፣ ግቢ አለኝ። የሚያናግራት ሰው በቋንቋዋ ያናግራታል። እወስዳታለሁ።»

በለጠች መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። ይህን በኋላ ለወንድሟ ነግራዋለች። ጠዋት ተነስታ ልብሷን ለብሳ የመውጣት፣ ማታ ሳትነቃ የማደር ሐሳብ እንደ ሙቅ ውሃ በሰውነቷ ወረደ። ከዚያ ወዲያው አፈረች።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ትብለጽ ጸጋይ የት እንዳለ ጠየቁ። ዓለምጸሃይ ደነገጠች። «ኣደይ፣ ጸጋይ እኮ ሞተ። አብረን ቀበርነው» አለቻቸው በትግርኛ። አሮጊቷ ልክ በዚያች ቀን እንደተረዱ ሆኑ። ደረታቸውን በአንድ እጅ እየመቱ አለቀሱ፤ ጎረቤት ግር ብሎ ወጣ። እስኪመሽ አልበሉም፣ አልጠጡም። በማግስቱ ከሰዓት ደግሞ በሩን አይተው ያንኑ ጠየቁ።

ዓለምጸሃይ ወደ በለጠች ዞረች። «አንቺ ምን ትያታለሽ?»

«አባይ ነው እላቸዋለሁ።» ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ነገረቻት። ዓለምጸሃይ ስትሰማ ሳቋ መጣ፤ ሳቁም ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ከዚያ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ «ኣብ ስራሕ ኣሎ» አለቻቸው፤ ሥራ ላይ ነው። አሮጊቷ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስለ አስመራም ጠየቀቻቸው። ወይዘሮ ትብለጽ ልጃቸውን ትኩር ብለው አይተው በትግርኛ፣ «እዚያ ማን ያውቀኛል?» አሉ። 

ቢሆንም ዓለምጸሃይ ሐሳቧን አልለወጠችም። ለበረራው የሐኪም ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበር አንድ ቅዳሜ አራት ሰው ተፈልጎ አሮጊቷ በወንበር ወረዱ። መሬት እንደደረሱ የሰኔ ዝናብ ወረደ። ጋሼ ዘበነ በሩን ከፍተው፣ «አስገቧቸው፣ አስገቧቸው» አሉ። የሁሉም ልብስ ረጥቦ ነበር። ወይዘሮ ትብለጽን ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ፊታቸውን ወደ ጎዳናው አድርገው አስቀመጧቸው።

ዝናቡ አላቆመም። ሰው በበሩ እየሮጠ ያልፋል፤ አንዳንዱ ሊጠለል ይቆማል። አንዲት የዕድር ሴት ጆንያ ተከናንባ ስትሮጥ አሮጊቷን አየችና ተመልሳ ገባች። «ትብለጽ፣ አለሽ?» ብላ እጃቸውን ሳመች። ሌላዋ ተከተለች። ወይዘሮ ትብለጽ በደህናው እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ካለው ኮት ጋር ይጫወቱ ጀመር፤ አዝራር ቤቱን በጣታቸው ዳበሱትና በትግርኛ አንድ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?» አሉ ጋሼ ዘበነ።

ዓለምጸሃይ ትንሽ አመነታች። «ይህን የሰፋው ሰው ከመርፌው ጋር ተጣልቶ ነበር ወይ አሉ።»

ጋሼ ዘበነ ሳቁ። ኮቱን አንስተው አዩት፤ አዝራር ቤቱ ጠማማ ነበር። በለጠች ያመጣችውን ዳቦ በሻይ እያራሰች አቀረበችላቸው፤ አሮጊቷ ጎዳናውን እያዩ ጨርሰው በሉት። ይህን ከብዙ ወራት ወዲህ አላየችም። ጋሼ ዘበነ ከመኪናቸው ኋላ ሆነው ይህን ሁሉ ያያሉ። ዝናቡ ሲያባራ ሰዎቹ ወንበሩን ሊያነሱ ተጠጉ።

«ቆዩ» አሉ ጋሼ ዘበነ። ክፍላቸውን በዓይናቸው ለኩ። «በለጡ፣ አልጋቸው ከኋላ ግድግዳውን ይዞ ይገባል። መኪናዬ ከፊት ይሆናል። ቀን ሱቄ ሱቄ ነው፣ ማንም አይነካብኝም። ማታ እኔ ላይ ቤት በእሳቸው ክፍል እተኛለሁ፣ አንቺ እዚህ መጋረጃ ሠርተሽ ከእሳቸው ጋር። ቀበሌንም ስም ቀይርልን አንለውም፤ ማን የት እንዳደረ ማን ይጠይቃል?»

«ደንበኛዎ ምን ይላል?» አለች ዓለምጸሃይ።

«ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው አሮጊት ፈርቶ አይሄድም።»

ዓለምጸሃይም ተስማማችና ብቻዋን ወደ አስመራ ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት ከበለጠች ጋር ቁጭ ብለው ተነጋገሩ፤ በክረምት ማን እንደሚያግዝ፣ በለጠች ስትታመም ማን እንደሚተካት፣ ጊዜው ሲደርስ የት እንደሚቀበሩ። አናጺው ተጠርቶ የበሩን ደፍ ዝቅ አደረገ፤ በግድግዳው ላይም መደገፊያ እንጨት ቸነከረ። ዓለምጸሃይም በየክረምቱ እየመጣች አንድ ወር ትቀመጣለች፤ ያን ወር በለጠች አፍንጮ በር ወንድሟ ቤት ሄዳ እስኪበቃት ትተኛለች።

ወይዘሮ ትብለጽ በዚያ ክፍል ከሦስት ዓመት በላይ ኖሩ። ቁስላቸው ዳነ። ሁልጊዜ ቀላል ነበር ማለት አይደለም፤ የሚጮሁበት ቀን ነበር፣ በለጠችን የማያውቁበት ቀን ነበር፣ ጋሼ ዘበነ ተማርረው አንድ ቀን መኪናቸውን ተሸክመው የወጡበትና ማታውን የመለሱበት ጊዜም ነበር። የቀበሌ አብዮት ጠባቂ አንድ ጊዜ ትግርኛው ጎልቶ ሲሰማ፣ እዚህ ማን አለ ብሎ ጠይቋል፤ ጋሼ ዘበነ መጋረጃውን ገልጠው አሳዩት፤ ሰላም ብሏቸው ሄደ። አማርኛቸው አልተመለሰም። አንድ ቃል ብቻ፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ፣ በመጨረሻው ዓመት ብቅ አለች። በለጠች ስታበጥራቸው «ይበቃል» ይሉ ነበር፤ ማበጠሪያውን ስታስቀምጥ ግን ደግሞ ራሳቸውን ያስጠጋሉ።

በ1978 ጥቅምት፣ ጠዋት፣ እትዬ ነሲባ አጠገባቸው ተቀምጠው ከመጽሐፍ ጮክ ብለው ሲያነቡ አረፉ። በለጠች ክፍል ውስጥ እያስተማረች ነበር። ሲጠሯት ጠመኔውን አስቀምጣ ወጣች። ሲያርፉ አለመገኘቷ ለብዙ ጊዜ ቆጭቷታል። እትዬ ነሲባ ግን፣ «ያንቺን ስም ነው የጠሩት» አሏት። እውነት ይሁን ማጽናኛ፣ በለጠች አልጠየቀችም።

ክረምቱ ሲገባ ነቀምት ወረደች። እናቷን ካየች አምስት ዓመት አልፏት ነበር። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እናቷ ብቻዋን ናት፤ በር ላይ ስታቅፋት ቀለለችባት። ወደ ውስጥ ሲገቡ እናቷ የግድግዳውን ጠርዝ ይዛ ደፉን ተሻገረች። በለጠች ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ቤቱን ዞር ዞር ብላ ማየት ጀመረች፤ መኝታ ቤቱ ከሽንት ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ከመስኮቱ ማን እንደሚታይ።

«ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለች እናቷ የአተር ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ እየተቀመጠች፣ በኦሮምኛ።

«እማዬ፣ እያረጀሽ ስትሄጂ የትኛው ክፍል ይሻልሻል?»

እናቷ አተር እየፈለፈለች ቀና አለች። «ምነው፣ ልትቀብሪኝ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም። እንድትነግሪኝ ፈልጌ ነው።»

እናቷ ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አወረደች። ከዚያ በአገጯ ወደ መንገዱ የሚያየውን ክፍል አሳየቻት፤ በለጠችም አጠገቧ ተቀምጣ አተሩን አብራ መፈልፈል ጀመረች።